ስለ ነዳጅ ውድነትና ስለ እውነተኛ ርኅራኄ

ባለፈው ሰሞን አንድ ቀን ማታ ከሥራ ወደ ቤቴ ስመለስ በአንድ ነዳጅ ማደያ ደጅ ብዙ መኪና ተሰልፎ አየሁ። ሰልፉ ከማደያው በር ተነሥቶ መንገዱን በመከተል እስከ መታጠፊያው ድረስ ይሄድ ነበር። ታክሲ ስለ ጠፋ እኔም ከሌሎች መንገደኞች ጋራ በዚያው ቆሜ ስጠብቅ፣ ሦስት ሰዎች ስለ ነዳጅ ውድነት ሲከራከሩ ሰማሁ።

አንደኛው ወጣት ባለ ታክሲ ነበረ። እርሱም «ይህን ሁሉ መከራ ያመጣብን የነጋዴ ስስት ነው፤ ነዳጁን በጕድጓድ ሞልተው ሳለ የለም ይሉናል» አለ። ሁለተኛው በመሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን ያገለገሉ የሚመስሉ ሽማግሌ ነበሩ። እርሳቸውም «ልጄ፣ በማደያው ሰው ላይ አትቈጣ፤ ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ታላላቆቹ ሲዋጉ የሚጨልመው የእኛ ቤት ነው» አሉት። ሦስተኛው ግን ነገራቸውን አቋርጦ «የለም ጋሼ፣ ጥፋቱስ የመንግሥት ነው። ዋጋውን በዐዋጅ ዝቅ ቢያደርገው ማን ከለከለው?» አለ።

ከአጠገባችን እንጀራ ሸጠው የሚመለሱ አንዲት እናት ባዶ መሶባቸውን ታቅፈው ቆመው ነበር። ክርክሩን በዝምታ ሲሰሙ ቆይተው እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ መንግሥት ነዳጅ ያረክስ ነበር ሲባል ሁልጊዜ እሰማለሁ። ያ የረከሰው ነዳጅ ለማን ነበር የረከሰው? እኔ መኪና የለኝም። ለታክሲው እንደ ልማዴ እከፍላለሁ፤ ላምባውንም በፈለግሁት ጊዜ አጣዋለሁ።» ሦስቱም ሰዎች የሚመልሱት ቃል አጥተው ዝም አሉ።

ይህ ጥያቄ እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ሦስቱ ሰዎች የተከራከሩት ጥፋተኛው ማን ነው በማለት ነው፤ እናቲቱ ግን የጠየቁት ቸርነቱ ለማን ደረሰ ብለው ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ አስቀድሜ ነዳጅን የሚያስወድደው ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥዬም መንግሥት ሊያደርገው የሚገባው ምን እንደ ሆነ ከአንባቢ ጋራ ላስብ እወዳለሁ። የውጭ አገር ታሪክ ሳነሣ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቈጣጠር፣ የአገራችንን ሳነሣ ግን በዓመተ ምሕረት እቈጥራለሁ።

ነዳጅ እንደ ሌላው ሸቀጥ አይደለም። ሰው ጤፍ ቢወደድበት ማሽላ ይቀላቅላል፤ ቡና ቢወደድበት በቀን ሦስት ጊዜ ያፈላ የነበረውን አንድ ጊዜ ያፈላል። ነዳጅ ሲወደድ ግን ባለ ታክሲው ውሃ ቀላቅሎ ሊነዳ አይችልም፤ ለገበሬውም ማዳበሪያው ያለ መኪና አይደርሰውም። በሻጩም በኩል ያለው ነገር እንዲሁ ነው፤ አዲስ ጕድጓድ ፈልጎ፣ ቈፍሮና ቧንቧ ዘርግቶ ነዳጅ ማውጣት ብዙ ዓመት ይፈጃል። እንግዲህ ገዢው ፈጥኖ ሊቀንስ፣ ሻጩም ፈጥኖ ሊጨምር ስለማይችሉ፣ በመካከል ጥቂት ጕድለት የተገኘ እንደ ሆነ ዋጋው በጥቂቱ ሳይሆን እጅግ አብልጦ ይዘላል። ዓለም ዛሬ በያንዳንዱ ቀን 100 ሚሊዮን በርሜል ያህል ነዳጅ ይፈጃል፤ አንዱም በርሜል 159 ሊትር ነው። ይህን በሚያህል ባሕር ውስጥ ጥቂት ጕድለት ምን ያደርጋል የሚል ሰው ቢኖር፣ የ1973ን ዓመት ነገር ያስታውስ።

በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ግብፅና ሶርያ ከእስራኤል ጋራ ሲዋጉ፣ የአረብ ነዳጅ አውጪ አገሮች እስራኤልን በረዱ መንግሥታት ላይ ተቈጥተው ነዳጃቸውን ቀነሱ፤ ለአሜሪካም አንሸጥም አሉ። ከዓለም ነዳጅ የጎደለው ከዐሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም ነበር። ነገር ግን በጦርነቱ ዋዜማ 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በ1974 መጀመሪያ 12 ዶላር ገደማ ሆነ። ጕድለቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ ዋጋው አራት እጥፍ መሆኑ ብዙውን ሰው አስደነቀ፤ የነገሩን ጠባይ ለሚያውቅ ግን የሚያስደንቅ አልነበረም።

ውድነትን የሚያመጣው ጦርነት ብቻ እንዳይመስለን። በ2008 በሐምሌ ወር በርሜሉ 147 ዶላር ሲደርስ እንደ 1973ቱ ያለ ክልከላ አልነበረም፤ ቻይናን የመሰሉ ታላላቅ አገሮች ፋብሪካቸውና መኪናቸው በዝቶ የሚፈልጉት ነዳጅ ከሚወጣው ይልቅ ፈጥኖ ስላደገ ነው። በዚያው ዓመት ፍጻሜ የዓለም ንግድ ሲታመም ዋጋው ከ40 ዶላር በታች ወረደ። በ2020 በሚያዝያ ወርም ስለ ወረርሽኙ ሰው ሁሉ በቤቱ ሲከተት፣ በአሜሪካ ገበያ አንድ ቀን የነዳጅ ዋጋ ከዜሮ በታች ወደቀ፤ ማከማቻ የሌለው ባለ ውል ነዳጁን ለሚወስድለት ሰው በበርሜል 37 ዶላር ያህል እስከ መክፈል ደረሰ። በ2022 ሩስያ ዩክሬንን በወረረች ጊዜ ደግሞ ዋጋው ተመልሶ ከ130 ዶላር በላይ ወጣ።

እንግዲህ ያን ወጣት ባለ ታክሲ እንዲህ ብዬ ልጠይቀው እወዳለሁ። ነዳጅ የሚወደደው በነጋዴ ስስት ብቻ ከሆነ፣ በ2020 በሚያዝያ ወር ስስት ከዓለም ጠፍቶ ነበርን? ነጋዴዎቹስ በአንድ ሌሊት ጻድቃን ሆነው አደሩን? ስስት በርካሹም በውዱም ዘመን በሰው ልብ ውስጥ አለ። ሁልጊዜ የሚኖር ነገር ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ለሚመጣው ነገር ብቸኛ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

እንዲህ ስል ግን ስስት በደል የለበትም ማለቴ አይደለም። ነዳጅ ላኪ አገሮች በ1960 በባግዳድ ተሰብስበው ኦፔክ የሚባለውን ማኅበራቸውን ካቆሙ በኋላ፣ ዋጋው ከፍ እንዲል ብለው በምክር ነዳጃቸውን የቀነሱበት ጊዜ ብዙ ነው። በመንደራችንም ዋጋ ነገ ይጨምራል ሲባል ዛሬ ነዳጁን ደብቆ «አልቋል» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ይህ ሐሰት ነውና ሊቀጣ ይገባል። ነገር ግን የስስት ኃይል ወሰን አለው። ሳዑዲ ዐረቢያ በ1980 በቀን ወደ 10 ሚሊዮን በርሜል ታወጣ የነበረችው ዋጋውን ለመደገፍ ስትል በ1985 ከግማሽ በታች እስክትሆን ድረስ ቀነሰች፤ ሆኖም ዋጋውን ከመውደቅ አላዳነችውም። ውድነቱ ራሱ ሰውን ቍጠባ አስተምሮት፣ በሰሜን ባሕርና በአላስካም አዲስ ነዳጅ ወጥቶ ነበርና፣ በ1986 በርሜሉ ወደ 10 ዶላር ቀረበ።

ወደ አገራችንም ስንመለስ ሌላ ምክንያት እናገኛለን። ኢትዮጵያ ነዳጅ የምትገዛው በዶላር ነው፤ የምታመጣውም በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። ስለዚህ የባሕር ማዶው ዋጋ ምንም ሳይለወጥ ብራችን ብቻ ቢደክም በማደያው ዋጋው ይጨምራል። በ2016 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ጊዜ ወደ እኛ የመጣው ነዳጅ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የምንለካበት ብር ነው።

የቀድሞ ነጋዴዎቻችን ይህን ነገር በአሞሌ ጨው ያውቁት ነበር። ጨው ከአፋር በረሃ ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ሲጓዝ፣ በአፋፉ ላይ የነበረው ዋጋና ጎጃም ሲደርስ የሚያወጣው ዋጋ አንድ አልነበረም። በጕዞው መንገዱ፣ ኬላው፣ ሽፍታውና የከብቱ ድካም ሁሉ ተቈጥሮ በአሞሌው ላይ ይጨመር ነበር። ዋጋ እንዲህ ያለ መልእክተኛ ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ «ዕቃው አንሷል፤ መንገዱ ከፍቷል፤ ቈጥባችሁ ያዙ፤ የሚችልም ያለው ያምጣ» ብሎ ይናገራል። መልእክተኛውን መምታት ወይም አፉን መዝጋት የመጣውን ክፉ ወሬ አያስቀረውም።

ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር መጨመር ይገባል፤ ገበያን አብልጠው የሚያመሰግኑ ሊቃውንት ይህን ብዙ ጊዜ ይረሱታልና። ዋጋ ስለ ዕቃው ማነስ እውነቱን ይናገራል፤ ስለ ሰው ችግር ግን ዲዳ ነው። ባለጸጋው ለሽርሽር የሚያቃጥለውን 10 ሊትርና ሕመምተኛ ወደ ሐኪም የሚያደርሰውን 10 ሊትር ዋጋ ለይቶ አያውቅም። ብር የያዘውን ሁሉ «አንተ ትፈልገዋለህ» ይለዋል፤ ብር ያልያዘውን ግን ጭንቁ ምንም ቢጸና አያየውም። እንግዲህ መንግሥት የተሠራው ለምንድር ነው ቢባል፣ ዋጋ ሊናገረው የማይችለውን ስለ ድኻው ለመናገር ነው። ችግሩ ያለው መንግሥት ይህን ቃል በሚናገርበት መንገድ ላይ ነው።

ብዙዎች መንግሥታት የመረጡት መንገድ ሦስተኛው ሰው በሰልፉ ላይ የተናገረው ነው፤ ዋጋውን በዐዋጅ ዝቅ ማድረግ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1971 በነሐሴ ወር የዋጋና የደመወዝ ጭማሪ እንዲቆም አዘዙ። የሌላው ሸቀጥ ቍጥጥር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲቀር የነዳጁ ግን እስከ 1981 ቆየ። ውጤቱስ ምን ሆነ? በ1974ና በ1979 ከዓለም ሁሉ ባለጸጋ በሆነችው አገር ሰዎች ጥቂት ሊትር ቤንዚን ለማግኘት በሌሊት ተነሥተው ሰዓታት ሙሉ በሰልፍ ይቆሙ ነበር። በአንዳንድ ክፍለ አገርም የሰሌዳቸው ቍጥር ጎዶሎ የሆነ መኪናዎች አንድ ቀን፣ ሙሉ የሆነ ደግሞ በማግሥቱ እንዲቀዱ ተወሰነ። በማደያው ላይ የተጻፈው ዋጋ ርካሽ ነበር፤ ነዳጁ ግን አልነበረም። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በሰልፍ የቆመ ሰው ዋጋ አልከፈለም ማለት አይደለም፤ በብር ፈንታ በዕድሜው ከፈለ። በብር የከፈለው ገንዘብ ለሻጩ ይደርሳል፤ ሻጩም ሌላ ነዳጅ ሊያመጣበት ይችላል። በሰልፍ የጠፋው ሰዓት ግን ለማንም ሳይደርስ ይቀራል። ፕሬዚዳንት ሬገን በ1981 በጥር ወር ቍጥጥሩን ባነሡ ጊዜ ብዙዎች ዋጋው ወደ ሰማይ ይወጣል ብለው ፈርተው ነበር፤ እርሱ ግን ጥቂት ከፍ ካለ በኋላ ከዓመት ወደ ዓመት ቀነሰ። ለመቀነሱ ምክንያት የሆነው ከላይ የተናገርሁት የአዲስ ነዳጅ መውጣትና የሰው ቍጠባ ነው፤ ነገር ግን የቍጥጥሩ መነሣት ያመጣል የተባለው ጥፋት አልደረሰም።

በዐዋጅ ከሚመጣ ርካሽነት ሁለተኛው ክፉ ነገር ሌብነትን መውለዱ ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ ሁለት ዋጋ ሲኖረው በሁለቱ ዋጋ መካከል ሌባ ቤት ይሠራል። በአንዱ አገር ነዳጅ ርካሽ፣ በጎረቤቱ ውድ ከሆነ፣ በሌሊት ድንበር የሚሻገር በርሜል አይታጣም፤ ይህንም በድንበራችን አይተነዋል። በህንድ አገር መንግሥት ለድኾች ማብሰያና መብራት ብሎ ላምባን እጅግ አርክሶ ይሸጥ ነበር፤ ክፉዎች ሰዎች ግን ላምባውን ከድኻው አፍ ነጥቀው ከናፍጣ ጋራ እየቀላቀሉ ይሸጡት ጀመር። በ2011 በጥር ወር በማሃራሽትራ ክፍለ አገር በማንማድ ከተማ አጠገብ ያሽዋንት ሶናዋኔ የሚባሉ የመንግሥት ሹም ነዳጅ የሚሰርቁና የሚቀላቅሉ ሰዎችን ሲያጋልጡ፣ ሰዎቹ በላያቸው ላይ ነዳጅ አፍስሰው በእሳት አቃጥለው ገደሏቸው። ያ ርካሽ ዋጋ የታወጀው ድኻን ለማዘን ነበር፤ የመጨረሻ ፍሬው ግን የአንድ ታማኝ ሰው ሞት ሆነ። እንግዲህ ርኅራኄ ሐሳቡ መልካም መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ የሚሄድበትን መንገድም መመርመር አለበት።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚብሰው የእናቲቱ ጥያቄ ነው፤ የረከሰው ለማን ነው? መንግሥት በያንዳንዱ ሊትር ላይ ከግምጃ ቤቱ ገንዘብ ሲጨምር፣ ብዙ ሊትር የሚቀዳው ሰው ብዙ ስጦታ ይቀበላል፤ ጥቂት የሚቀዳው ጥቂት ይቀበላል፤ የማይቀዳውም ምንም አይቀበልም። የዓለም የገንዘብ ድርጅት ሊቃውንት የብዙ ታዳጊ አገሮችን ሒሳብ መርምረው በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከሕዝቡ በሀብት ላይኛው የሆነው አምስተኛ እጅ ከነዳጅ ድጎማ የሚያገኘው ጥቅም ታችኛው አምስተኛ እጅ ከሚያገኘው ስድስት እጥፍ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ምጽዋትን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት ድኾች ለመስጠት አስቦ በበቅሎ ተቀምጠው ለሚያልፉት መኳንንት እንደ መበተን ነው። ከሚበተነውም አንዳንዱ ሳንቲም ተንከባልሎ ወደ ድኻው እግር መድረሱ እውነት ነው፤ የታክሲውና የእህሉ መጓጓዣ ጥቂት ይቀልለታልና። ነገር ግን ይህን እንደ ቸርነት ልንቈጥረው አይገባም። የዚያው ገንዘብ ዕዳም በመጨረሻ በእናቲቱ ላይ ይመለሳል፤ ሐኪም ቤቱ መድኃኒት ሲያጣ፣ ትምህርት ቤቱ ሳይሠራ ሲቀር፣ ብሩም ሲረክስ የምትከፍለው እርሷ ናትና። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፤ ሞኝ ይልሳል» የተባለው ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ አንባቢ «እንግዲያስ መንግሥት ዋጋውን በገበያ ለቆ ዝም ይበል ማለትህ ነውን?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም። እንዲህ ማድረግ ምን እንደሚያመጣ የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። የ1973ቱ ውድነት ወደ አገራችን በደረሰ ጊዜ፣ መንግሥት በ1966 ዓመተ ምሕረት በየካቲት ወር የቤንዚንን ዋጋ በመቶ 50 ጨመረ። የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ ከተማውም ታወከ። በጥቂት ቀን ውስጥ ዋጋው እንደገና ዝቅ እንዲል ቢደረግም የተነሣው ቍጣ አልበረደም። ያን መንግሥት የጣለው የነዳጅ ዋጋ ብቻውን ነበር ብል ስሕተት ነው፤ በወሎና በትግሬ ደርሶ የነበረው ረኃብ፣ የመምህራኑ ጥያቄና የወታደሩ ቅሬታ ሁሉ በአንድነት ገንፍለው ነው። በ1967 ዓመተ ምሕረት በመስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ሕዝቡ ውድነቱን ሊታገሥ ያልቻለው ሸክሙ ከብዶ ብቻ አይመስለኝም፤ ረኃቡን ከሸሸገበት መንግሥት ስለ ዋጋ የሚነገረውን እውነት ለመቀበል ልቡ እንቢ ስላለው ነው። በናይጄሪያም በ2012 በጥር መባቻ መንግሥቱ ድጎማውን በአንድ ቀን ቢያነሣ ከ65 ናይራ ወደ 140 ናይራ ገደማ በዘለለው ዋጋ ምክንያት አገሩ ሁሉ ሥራ አቆመ፤ መንግሥቱም ዋጋውን ወደ 97 ናይራ መልሶ ለመቀነስ ተገደደ።

እንግዲህ በሁለት ስሕተት መካከል ቆመናል። አንደኛው ዋጋ የሚናገረውን እውነት በዐዋጅ መዝጋት ነው፤ ሁለተኛው የድኻውን ጩኸት ለገበያ ትቶ መሄድ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ትክክለኛው መንገድ ዋጋው እውነቱን እንዲናገር ፈቅዶ፣ ርዳታውን ከሊትሩ አንሥቶ በሰው እጅ ላይ ማኖር ነው። ለቤንዚኑ ሳይሆን ለእናቲቱ መስጠት ይገባል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። የኢንዶኔዥያ መንግሥት በ2005 በጥቅምት ወር የነዳጅ ዋጋን ከእጥፍ በላይ ሲያወጣ፣ በዚያው ጊዜ ከ15 ሚሊዮን ለሚበልጡ ድኾች ቤተ ሰቦች በወር 100 ሺህ ሩፒያ እየታሰበ ገንዘብ ሰጠ። ኢራንም በ2010 በታኅሣሥ ወር የነዳጅን ዋጋ ስታነሣ ለያንዳንዱ ሰው በወር 455 ሺህ ሪያል በባንክ አኖረች። ነገር ግን የኢራን ነገር ማስጠንቀቂያም አለበት፤ የሚሰጠው ገንዘብ ልክ ሳይለወጥ የሸቀጡ ዋጋ ሁሉ ስለ ጨመረ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ገንዘብ የሚገዛው እጅግ ጥቂት ሆነ። ስለዚህ ድኻን እረዳለሁ ያለ መንግሥት ስጦታውን አንድ ጊዜ ቈርጦ ሊረሳው አይገባም፤ በየጊዜው ከኑሮው ጋራ ሊያስተያየው ይገባል። በአገራችንም በ2014 ዓመተ ምሕረት ፍጻሜ ላይ ቤንዚን ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲወጣ፣ ድጎማው ለሁሉ መሆኑ እየቀረ ሕዝብ ለሚያመላልሱ መኪናዎች ብቻ በቴሌብር በኩል እንዲሰጥ ተጀመረ። ይህ ብዙ ሰው ወደሚጫንበት መኪና ያነጣጠረ ነውና ከቀድሞው የተሻለ ሐሳብ ነበር። ሆኖም ድጎማውን የሚቀበለው ባለ መኪናው ስለ ሆነ፣ ባለ መኪናው ከታሪፉ በላይ ያስከፈለ እንደ ሆነ ለእናቲቱ የታሰበው በመንገድ ላይ ይቀራል። የሚጠብቀው ሰው የሌለው ቸርነት ጠባቂ እንደሌለው እርሻ ነው።

ከዚህ በቀር መንግሥት ሦስት ነገር ሊያደርግ ይገባዋል። መጀመሪያው በጥጋብ ዘመን ለረኃብ ዘመን ማኖር ነው። ዮሴፍ በግብፅ እህልን በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት በጎተራ ያኖረው ረኃቡ ከመጣ በኋላ ጎተራ መሥራት ከንቱ መሆኑን ስላወቀ ነው። ከ1973ቱ መከራ በኋላ በ1974 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የኢነርጂ ድርጅት፣ ከአባሎቹ ነዳጅ ከውጭ የሚገዙት ቢያንስ የ90 ቀን ያህል እንዲያከማቹ አዘዘ። አሜሪካም በ1975 የራሷን ማከማቻ በሕግ አቋቋመች፤ በ2022 ውድነት ጊዜም ከዚያ 180 ሚሊዮን በርሜል ለገበያ እንዲወጣ ተወሰነ። ድኻ አገር ይህን ያህል ሊያከማች ባይችልም፣ ነዳጅ በሚረክስበት ዓመት የተረፈውን ገንዘብ በእውነት አስቀምጦ በሚወደድበት ዓመት ሊያወጣው ይችላል፤ የሚያስቸግረው በርካሹ ዓመት እጅን መሰብሰብ ነው።

ሁለተኛው ያልለፉበትን ትርፍ መቅረጥ ነው። ጦርነት ተነሥቶ ዋጋ ሲዘል፣ ትናንት ጕድጓዱን የቈፈረ ባለ ነዳጅ ዛሬ ምንም ሳይጨምር ትርፉ እጥፍ ይሆንለታል። የብሪታንያ መንግሥት በ2022 በግንቦት ወር እንዲህ ባለው ትርፍ ላይ በመቶ 25 ተጨማሪ ግብር ጣለ፤ ከዚያም ከፍ አደረገው። ይህ በልክ ቢሆን ፍትሕ ነው እላለሁ፤ ልኩን ያለፈ እንደ ሆነ ግን የነገውን ጕድጓድ ቈፋሪ ያስቀረዋል፤ ጕድጓድ የሚቈፍር ከጠፋም ውድነቱ ይረዝማል።

ሦስተኛው ከጥገኝነት መውጣት ነው። ኢትዮጵያ ነዳጅ ትገዛለች እንጂ ኤሌክትሪክ ከወንዞቿ ታወጣለች። በ2010 ዓመተ ምሕረት መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ በ2016 ዓመተ ምሕረትም በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። መንገዱ መልካም ነው። ነገር ግን እዚህም ላይ የእናቲቱ ጥያቄ ይከተለናል፤ አዲሱን መኪና የሚገዛው ባለጸጋው ነው፤ እርሳቸው የሚሳፈሩበት አውቶቡስና የሚያበስሉበት ምድጃ መቼ ይለወጣል? ከነዳጅ ውድነት አስቀድሞ የሚያመልጠው ብርቱው ብቻ ከሆነ፣ ሸክሙ በኋላ በቀረው ደካማ ላይ ይከብዳል።

በመጨረሻ ስለ ሦስቱ ተከራካሪዎች ልናገር። ወጣቱ የደበቀ ሻጭ ይቀጣ ማለቱ እውነት ነው፤ ስስትን የውድነት ሁሉ ምንጭ ማድረጉ ግን ስሕተት ነው። ሽማግሌው ነገሩ ከሩቅ መጥቷል ማለታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሩቅ የመጣ መከራ ሁሉ በቅርብ ያለውን ሹም ከኀላፊነት ነጻ አያወጣውም። ዝናብን ማንም ሹም አያዘንምም፤ የጎርፉን ቦይ ሳይቈፍር የተኛ ግን ይጠየቃል። ሦስተኛውም መንግሥት ዝም አይበል ማለቱ እውነት ነው፤ ዋጋን በዐዋጅ ማርከስና ሰውን መርዳት አንድ መስሎ የታየው ግን ተሳስቷል።

የአገር መሪዎችም ሆኑ ስለ ነዳጅ በየሰልፉ የምንከራከር ሁላችን፣ አንድ ሐሳብ ሲቀርብልን የማደያውን ሰሌዳ ብቻ ተመልክተን «ረከሰ» ወይም «ተወደደ» ብለን አንፍረድ። ባዶ መሶብ ታቅፈው የቆሙት እናት ያሉትን ደግመን እንጠይቅ፤ ለማን ረከሰ? በማንስ ላይ ተወደደ? ለዚህ መልስ ያልተገኘለት ቸርነት ሁሉ፣ ስሙ ምንም ያማረ ቢሆን፣ ለባለጸጋ የተሰጠ የድኻ ገንዘብ ነው።

በዚያን ምሽት ታክሲው ከብዙ ጊዜ በኋላ መጣ። እናቲቱ የያዙትን ብር ቈጥረው ለረዳቱ ሰጡት፤ ረዳቱም ጨምሪ አላቸው፤ እርሳቸውም ምንም ሳይናገሩ ጨመሩለት።